ጣት የምታክለው ስካነሬ

ቅዳሜ ጠዋት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉ የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችን እዞራለሁ። መጽሐፍ ገዝቼ አማዞን ላይ እሸጣለሁ። ድሮ ስንት እንደሚያወጣ ለማየት ባርኮዱን አንድ በአንድ በስልኬ ካሜራ ነበር የማነሳው። እጅ ይዝላል፣ ባትሪ ያልቃል፣ ሰውም ያፈጥብሃል። ባለፈው ጥር 60 ዶላር አውጥቼ ጣት የምታክል የብሉቱዝ ስካነር ገዛሁ።

ፍጥነቷን አልክድም። ቀይዋ ብርሃን ባርኮዱ ላይ ስታርፍ ጢጥ ትላለች፤ ወዲያው ስልኬ ላይ ዋጋውና የሽያጭ ደረጃው ይመጣል። በ2 ዶላር ያነሳሁት የነርሲንግ መማሪያ 38 ዶላር አውጥቷል።

ግን ታናድዳለች። ስልኬ ኪቦርድ ትመስለዋለች መሰለኝ፣ እሷ ከተገናኘች የራሱን ኪቦርድ ይደብቃል። ርዕስ በእጅ ልጽፍ ስል እሷን ማጥፋት አለብኝ። ሱቆቹ ደግሞ የዋጋ ተለጣፊውን አይተው አይተው ልክ ባርኮዱ ላይ ነው የሚለጥፉት። አውራ ጣቴ ጥፍር አልቀረለትም።

የቆዩ የኪስ ልብወለዶች ላይ ተጠንቀቁ። የጀርባው ባርኮድ ብዙ ጊዜ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር (ISBN) አይደለም። በ978 ወይም በ979 ካልጀመረ የፊት ሽፋኑን ገልጣችሁ የውስጡን ስካን አድርጉ። እኔ ይህን እስካውቅ ስንቱን መልሼ ደርድሬያለሁ!

ባለፈው ሳምንት ከምግብ መጽሐፎች መሀል አንድ ያረጀ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አገኘሁ፣ 1 ዶላር። ባርኮድ የለው፣ ምን የለው። ስካነሯን ኪሴ ከተትኩ። እሱን አልሸጥኩትም።