አንድም ዕቃ ሳይቀይሩ አዲሱን ኮምፒውተሬን ለሠሩልኝ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

አዲስ የገዛሁት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ በራሱ ጊዜ እየጠፋና ስታክ እያደረገ ሲያስቸግረኝ ቆይቷል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው የችግሩን ምንጭ በትዕግሥት ፈልገው ላገኙልኝ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ በይፋ ምስጋናዬን ለመግለጽ፣ ተመሳሳይ ችግር ለገጠማችሁም እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ከእሳቸው በፊት ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ አንዱ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ)፣ አንዱ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍሎች የሚገጠሙበት ዋና ሰሌዳ)፣ አንዱ ደግሞ ሌላ ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኃይል የሚያድል ዕቃ) እንድገዛ ነግረውኝ ነበር። እሳቸው ግን ምንም አላስገዙኝም፤ ኮምፒውተሩ ዛሬ የሚሠራው ስገዛው በነበሩት ዕቃዎች ነው።

ሥራዬ የሕንፃ ንድፎችን በሦስት አውታር ሠርቶ ወደ ምስልና ቪዲዮ መለወጥ በመሆኑ ማሽኑ ለረጅም ሰዓት በከባድ ጫና ውስጥ ይቆያል። ችግሩ በሁለት መልክ ይታይ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ቀላል ሥራ ላይ እያለሁ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣና በየጊዜው የተለየ የስህተት ስም ያሳያል፤ አንድ ቀን «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ያለው በሌላ ቀን ፈጽሞ የማይገናኝ የሚመስል ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቪዲዮ በማውጣት ላይ እያለ ምንም መልእክት ሳያሳይ፣ ሹካው ከግድግዳ የተነቀለ ያህል ድርግም ብሎ ይጠፋና ተመልሶ ይነሳል። እነዚህን ሁለት ጠባዮች ለያይቶ ያየልኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ኮምፒውተሩ ይጠፋል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያልፏቸው።

ኮምፒውተሩን ገጣጥሞ የሸጠልኝ ሰው ችግሩ የዊንዶውስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገው፤ ችግሩ ግን ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። ሌላው ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ሶፍትዌር) ውስጥ ገብቶ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚባለውን የራም ፍጥነት ፕሮፋይል አጠፋው፤ በዚህም ሰማያዊው ስክሪን ለተወሰነ ጊዜ ስለቀነሰ ዳነ ተባለ፤ ቪዲዮ ሳወጣ ድርግም ማለቱ ግን አልቀረም። ስለ ፕሮፋይሉ የተሰጠኝ ምክር መሠረት የሌለው አልነበረም። ዲዲአር5 የተባለው የራም ዓይነት ምንም ካልተነካ ብዙውን ጊዜ በ4800 ፍጥነት ይነሳል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው 6000 የሚገኘው ፕሮፋይሉ ሲበራ ሲሆን፣ ይህም ፕሮሰሰሩ በመደበኛነት ከሚደግፈው ፍጥነት በላይ ሊሆን ስለሚችል የብዙ አዳዲስ ኮምፒውተሮች አለመረጋጋት ምንጭ ነው። የእኔ ኮምፒውተር በሽታ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ባለሙያው ካቻቪቴ ከማንሣታቸው በፊት ረዘም ያለ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሲጠፋ ፋኖቹ ይቆማሉ ወይስ መዞራቸውን ይቀጥላሉ? ድምፅ እየተጫወተ ከሆነ ድምፁ ይቋረጣል ወይስ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ይንጫጫል? ስክሪኑ ብቻ ነው የሚጠቁረው ወይስ ሁሉም ነገር? የሚጠፋው ሥራው በተጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ነው ወይስ ማሽኑ ከሞቀ በኋላ? እያንዳንዱን መልስ በወረቀት ላይ ጻፉ። ቀጥለው ዊንዶውስ በየስህተቱ የሚያስቀምጣቸውን የሚኒደምፕ ፋይሎችና ኢቨንት ቪወር የተባለውን መዝገብ ከፈቱ። በመዝገቡ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ምልክት ያለበት መስመር ተደጋግሞ ይታያል፤ ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። እሳቸው እንዳስረዱኝ ግን 41 የሚለው ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ እንደገና መነሣቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። ፍንጭ የሚሰጠው በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሌላ ቁጥር ነው። ከአንዳንዶቹ መስመሮች ጋር የሰማያዊ ስክሪን ኮድ ተመዝግቧል፤ በሌሎቹ ላይ ግን ኮዱ ዜሮ ነው፤ ይህም ዊንዶውስ ስህተቱን ለመጻፍ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ መቋረጡን ያመለክታል። ሁለቱን ዓይነቶች ከየቀኑ ሥራዬ ጋር ሲያስተያዩአቸው ዜሮዎቹ በሙሉ ቪዲዮ ሳወጣ የደረሱ ሆነው ተገኙ። «እዚህ ውስጥ ሁለት ችግር አለ፤ አንዱን የሠራ ሰው ሌላውን ሲያይ አልሠራሁም ብሎ ያስባል» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ፍለጋ በራሙ ጀመሩ። ሜምቴስት86 የተባለውን መፈተሻ በፍላሽ ጭነው ከዊንዶውስ ውጭ አስነሡት፤ ይህ ጠቃሚ የሚሆነው ስህተት ከተገኘ ዊንዶውስም ድራይቨርም (ዕቃዎቹን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) ስላልነበሩ ጥፋቱ የሃርድዌር ወይም የባዮስ አቀማመጥ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው። ስህተቶች ወጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «ራሙ ተበላሽቷል» ይላል። እሳቸው ግን ሁለቱን ራሞች ነቅለው አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ በአንደኛው ቻናል (ራሙን ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው መስመር) ስሎት ወይም መሰኪያ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው ፈተኗቸው። የመጀመሪያው ራም በአንደኛው ቻናል ንጹሕ ነው፤ በሁለተኛው ይሳሳታል። ሁለተኛው ራም ደግሞ በአንደኛው ቻናል ንጹሕ፣ በሁለተኛው ስህተተኛ። ስህተቱ ራሙን ሳይሆን ስሎቱን ተከተለ ማለት ነው። በዚህ ፈተና ሁለቱም ራሞች ነፃ ወጡ፤ እኔም ልገዛው ተዘጋጅቼ ከነበረው አዲስ ራም ዳንኩ።

ቻናሉ ከተጠረጠረ ማዘርቦርዱ ይቀየር የሚለው ምክር ትክክል ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር። ባለሙያው ግን ራሙን የሚያዝዘው ክፍል በዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ውስጥ እንደሚገኝ፣ ከስሎቱ የሚነሣውም መስመር ወደ ፕሮሰሰሩ የሚገባው ከሥሩ ባሉት የሶኬቱ (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ጥቃቅን ፒኖች በኩል እንደሆነ ነገሩኝ። በአዳዲሶቹ ሶኬቶች የፒኖቹ ቁጥር ከ1,700 አያንስም፤ ፕሮሰሰሩ ወደ አንድ ወገን ተጭኖ ከተቀመጠ የጥቂቶቹ ንክኪ ደካማ ይሆናል፣ አንድ የራም ቻናልም ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ፈቱት። ብሎኖቹን ሲነኩ በአንዱ ወገን ያሉት ሁለቱ እስከ መጨረሻው ጠብቀዋል፤ በሌላው ወገን ያሉት ግን በጣት የሚዞሩ ነበሩ። ማቀዝቀዣው ሲነሣ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ራሱ ምስክር ሆነ፤ በአንዱ ጠርዝ ብረቱ እስኪታይ ድረስ ተጨፍልቆ ሳስቷል፤ በተቃራኒው ጠርዝ ደግሞ ከቱቦው እንደወጣ ወፍሮ ቀርቷል። ይህን ፎቶ አንሥተው አሳዩኝ። ፕሮሰሰሩን አውጥተው ፒኖቹን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ መረመሩ፤ የታጠፈ አልተገኘም። ፔስቱን አጽድተው አዲስ ቀብተው ብሎኖቹን በሰያፍ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን እያፈራረቁ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ትንሽ እያዞሩ እኩል አጠበቋቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ራሞች በሁለቱም ቻናሎች ያለ ስህተት አለፉ። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም፤ ነፃው ሜምቴስት86 የሚፈቅደውን አራቱንም ዙር ሌሊቱን ሙሉ አስሮጡት፣ ጠዋት ፕሮፋይሉን በ6000 መልሰው አብርተው እንደገና አስጀመሩት። አንድ ስህተት እንኳ ቢወጣ አልቀበለውም የሚል አቋም አላቸው። በጎን የተገኘው ጥቅም በከባድ ሥራ ጊዜ ወደ 95 ዲግሪ ይጠጋ የነበረው የፕሮሰሰሩ ሙቀት በጉልህ መቀነሱ ነው። ፕሮፋይሉ ሲጠፋ ችግሩ ለምን ቀንሶ እንደነበርም አሁን ገባኝ፤ ደካማ ንክኪ ዝቅተኛውን ፍጥነት በአብዛኛው ይሸከማል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ነው የሚያቅተው።

ድርግም ብሎ መጥፋቱ ግን አልቆመም፤ እሳቸውም አልተገረሙም። ግራፊክስ ካርዱ ባለ ስምንት ፒን ሁለት ማስገቢያዎች አሉት፤ ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ካለው ከአንድ ኬብል ነበር። ከማዘርቦርዱ ስሎት እስከ 75 ዋት፣ ከእያንዳንዱ ባለ ስምንት ፒን ማስገቢያ እስከ 150 ዋት የሚታሰብ ሲሆን፣ ይህን ያህል ጭነት በአንድ ኬብል ላይ ሲደረብ ካርዱ በቅጽበት ከፍ ያለ ኃይል በሚጠይቅበት ጊዜ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። በቴስተር ሲለኩ 12 ቮልቱ ከሚፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ክልል ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ፓወሩ ደህና ነው ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሳቸው ግን ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ የሚመጣ መውረድን ቴስተር እንደማይዘው ገልጸው ሌላ መንገድ መረጡ። በመጀመሪያ የካርዱን የኃይል ጣሪያ በሶፍትዌር ወደ 70 በመቶ አወረዱ፤ ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ወጣ። ወደ 100 መለሱት፤ ጠፋ። አሁንም አወረዱት፤ ሠራ። ከዚህ በኋላ ነው ከፓወር ሰፕላዩ ካርቶን ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠውን ሁለተኛ ኬብል አውጥተው ለእያንዳንዱ ማስገቢያ የየራሱን ኬብል የሰጡት። በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልጠፋም። እግረ መንገዳቸውን ደጋግመው ያስጠነቀቁኝን ልጻፈው፦ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል መግጠሚያው ልክ ቢመጣ እንኳ አትሰኩ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አሰላለፍ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

በመሃል ስለ ኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች የሰማሁትን አንሥቼ ጠይቄያቸው ነበር። ኩባንያው በ2024 ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ በእነዚህ ፕሮሰሰሮች ላይ አለመረጋጋት እንደሚያስከትል አምኖ የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ) ማሻሻያዎችን ማውጣቱን፣ ለችግሩ በተጋለጡት ላይም ዋስትናውን በሁለት ዓመት ማራዘሙን አረጋገጡልኝ። ማሻሻያው የሚጫነው በባዮስ በኩል እንደሆነና አስቀድሞ የተጎዳን ፕሮሰሰር እንደማያድንም ጨመሩልኝ። የእኔ ከእነዚህ ትውልዶች አይደለም። ባዮሱን ወዲያው ያላደሱበት ምክንያት ግን ወደድኩት፤ በምርመራ መካከል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅምና፣ እድሳቱን ሁለቱም ችግሮች ከተፈቱ በኋላ አደረጉት።

የጠየቁኝ ክፍያ የጉልበታቸውን ብቻ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጡኝ፤ ምን እንደተፈተነ፣ ምን ውጤት እንደወጣና ምን እንደተለወጠ በቅደም ተከተል ሰፍሮበታል። ወደፊት ሌላ ሰው ቢነካው ከዜሮ አይጀምርም። ሚዛኑን ለመጠበቅ ጉድለታቸውንም ልናገር፦ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሡም፣ ቀጠሮ ቢሰጡም ፈተናው ካላለቀ ማሽኑን አይለቁም። ዛሬ ሰጥቶ ነገ ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ሊበሳጭባቸው ይችላል፤ እኔም መሃል ላይ ትንሽ ተበሳጭቼ ነበር።

ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ወደ እሳቸው ከመሄዳችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ፎርማት አታድርጉት፤ የሚኒደምፕ ፋይሎቹና መዝገቡ ከጠፉ ምርመራው ያለ ማስረጃ ይጀመራል። ሲጠፋ ምን እየሠራችሁ እንደነበረ ከነሰዓቱ ጻፉ፣ ሰማያዊ ስክሪን ሲመጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ራም ነቅላችሁ ከመለሳችሁ ደግሞ ዲዲአር5 በመጀመሪያው መነሻ ላይ ራሱን ለማስተካከል ስክሪኑን አጥቁሮ ለደቂቃዎች ሊቆይ ስለሚችል፣ ተበላሸ ብላችሁ በመሃል አታጥፉት። ዋስትናው ያላለቀ ከሆነ ደረሰኙን፣ የማዘርቦርዱን መመሪያና የፓወር ሰፕላዩን ካርቶን ከነትርፍ ኬብሎቹ አብራችሁ ውሰዱ።