ወጣቱን ካቸር ሰጥቶ ሪሊቨር መግዛት ያዋጣል? የአራት ልውውጦች ንጽጽር

በየዓመቱ ጁላይ ሲገባ የቤዝቦል ወዳጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያስጨንቀዋል። ቡድኑ ጥሩ እየሄደ ነው። ግን ጨዋታው ካለው 9 ዙር (ኢኒንግ) ከ7ኛው በኋላ የያዘውን መሪነት እያፈሰሰ ያስቸግራል። በታችኛው ሊግ ደግሞ ሁሉም የሚያወራለት ወጣት ካቸር አለ። ልጁን ሰጥቶ ሪሊቨር ይግዛ ወይስ ልጁን ይዞ ይታገስ?

ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ ሁለት ቃል ልበል። ካቸር ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ እያንዳንዱን ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች ነው። ቀጥሎ ምን ዓይነት ኳስ ይወርወር የሚለውን ለወርዋሪው፣ ለፒቸሩ የሚጠቁመውም እሱ ነው። ሪሊቨር የመጀመሪያው ፒቸር ሲደክም ገብቶ የሚወረውር ነው። ከሪሊቨሮች መካከል መጨረሻ ላይ ገብቶ ጨዋታውን የሚዘጋው ክሎዘር ይባላል። መሪነቱን ጠብቆ ሲዘጋ አንድ ሴቭ ይቆጠርለታል።

ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው። በኢኒንግ ወደ 1,458 ይሆናል። ጥሩ ሪሊቨር ከዚያ ውስጥ የሚወረውረው 60 ወይም 70 ኢኒንግ ነው፤ ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ካቸሩ ግን በገባበት ቀን ሁሉ እያንዳንዱ ኳስ በእጁ ያልፋል። በዚህ ብቻ ቢታይ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ችግሩ የሪሊቨሩ 60 ኢኒንግ ጨዋታ የሚያልቅበት ኢኒንግ መሆኑ ነው። ሌላም አለ። ወጣት ካቸር ከሁሉም ተጫዋች ዘግይቶ ይበስላል። ጉልበቱ ይጎዳል፣ ጣቱ ይሰበራል። በዝርዝሩ አናት ላይ የነበረ ስንቱ ልጅ የትም ሳይደርስ ቀርቷል።

ስለዚህ በሐሳብ ከመከራከር የሆነውን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ክሊቭላንድና ሳንዲያጎ፣ 2018

ከሁሉም የሚያስተምረው ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጁላይ 19፣ 2018 ክሊቭላንድ ፍራንሲስኮ ሜሂያን ለሳንዲያጎ ሰጠ። በምትኩ ሁለት ሪሊቨሮች፣ ብራድ ሃንድንና አዳም ሲምበርን ወሰደ። ሜሂያ የ22 ዓመት ዶሚኒካዊ ነበር። በቀኝም በግራም ይመታል። ክንዱ ብርቱ ነው። በ2016 በታችኛው ሊግ 50 ጨዋታ በተከታታይ ሲጫወት አንድም ቀን ሳይመታ አልዋለም። ከቤዝቦል ተስፈኞች ግንባር ቀደም ከሚባሉት አንዱ ነበር።

ግን አንድ ምልክት ነበረ። ክሊቭላንድ ልጁን ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሞክሮታል፣ አውትፊልድም አሰልፎታል። ቡድን በካቸርነቱ የሚተማመንበትን ልጅ ሌላ ቦታ አይሞክርም። ቡድኑ ዱላውን ወደደ እንጂ ጓንቱ ያሳስበው ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ ካቸር ሞልቷል። ያን ጎምዝ በዚያው ዓመት ለኦልስታር፣ ለምርጦቹ ጨዋታ፣ ተመርጧል። ሮቤርቶ ፔሬዝም አለ። እንዲያውም በ2016 ሜሂያ ያለበት ስብስብ ለሚልዋኪ ተሰጥቶ ጆናታን ሉክሮይ እንዲመጣ ሁለቱ ቡድኖች ተስማምተው ነበር። ሉክሮይ በውሉ ያለውን መብት ተጠቅሞ አልሄድም አለና ቀረ።

በሌላው በኩል የክሊቭላንድ ቡልፔን፣ ማለትም የሪሊቨሮቹ ስብስብ፣ ተሰንጥቆ ነበር። በ2016 አራት ተስፈኞች ለኒውዮርክ ያንኪስ ሰጥቶ ያመጣው አንድሩ ሚለር ቡድኑን እስከ ዋንጫው ፍጻሜ፣ እስከ ወርልድ ሲሪስ 7ኛ ጨዋታ አድርሶታል። በ2018 ግን ሚለር ተጎዳ። ክሎዘሩ ኮዲ አለን ተንገዳገደ። የሁለቱም ውል በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል። ክሊቭላንድ ያስፈለገው ለዚያ መኸር ብቻ የሚሆን ሰው ሳይሆን ለሚቀጥለውም የሚቆይ ነው።

ሃንድ ይህንን ያሟላ ነበር። ኦልስታር ነው። ውሉ 3 ዓመት በ19.75 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን እስከ 2020 ይሄዳል። ለ2021 ደግሞ ክሊቭላንድ ከፈለገ በ10 ሚሊዮን የሚያስቀጥልበት መብት አለ። ሲምበር ገና ጀማሪ ስለነበር ለዓመታት በዝቅተኛ ደሞዝ የሚቆይ ነው። ኳሱን ከጎን፣ ዝቅ አድርጎ ስለሚወረውር ለቀኝ መቺዎች ያስቸግራል።

ምን ሆነ? ሃንድ በዚያ ዓመት ለክሊቭላንድ በ28 ጨዋታ፣ በ9 ኢኒንግ ሲሰላ 2.28 ነጥብ ብቻ ነው ያስገባው። በ2019 34 ሴቭ አደረገ። አጭር በነበረው በ2020 ደግሞ 16 ሴቭ አድርጎ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ ወጣ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ 9ኛው ኢኒንግ ባለቤት ነበረው።

ኦክቶበር ላይ የሚደረገው የዋንጫ ጨዋታ፣ ፕሌይኦፍ፣ ግን አልተሳካም። በ2018 ሂውስተን በጨዋታ 3 ለ 0 አሰናበታቸው። በ2019 93 ጨዋታ አሸንፈውም ፕሌይኦፍ አልገቡም። በ2020 ከያንኪስ ጋር በ2ኛው ጨዋታ 9 ለ 8 እየመሩ ሃንድ ገባና 10 ለ 9 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ክሊቭላንድ 10 ሚሊዮኑን አልከፍልም ብሎ ሃንድን ለቀቀው። ሲምበርንም በዚያው መኸር ለማያሚ በገንዘብ ሰጠው።

ሜሂያስ? በሴፕቴምበር 2018 ሦስቱም ቤዞች በሯጮች ሞልተው ሳለ ሆምረን (ከአጥሩ ውጭ የሚያርፍ ምት) መትቶ በቴክሳስ ላይ ጨዋታ ጨረሰ። ሳንዲያጎ ጮቤ ረገጠ። ግን ቦታውን አልያዘም። በዲሴምበር 2020 ብሌክ ስኔልን ለማምጣት ለታምፓ ቤይ ከተሰጡት ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። በየትኛውም ዓመት በትልቁ ሊግ 100 ጨዋታ አልሞላም።

በእኔ እይታ ክሊቭላንድ አልተሳሳተም። ዋንጫ አላገኘም፤ የከፈለበትን ሥራ ግን አግኝቷል። ሳንዲያጎም ቢሆን አልተሞኘም። ሃንድን በ2016 ያገኘው ማያሚ ሲለቀው በነጻ አንስቶ ነው። በነጻ ያነሳውን ሰው በሊጉ ስመ ጥር በሆነ ወጣት መለወጥ ለሻጩ ድል ነው። ገዢ ይህንን ነገር ልብ ይበል፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ሚኒሶታና ዋሽንግተን፣ 2010

ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ ይህን ታሪክ ሳታውቁት ኖራችሁበታል። ዊልሰን ራሞስን ናሽናልስ ፓርክ ስንት ጊዜ አይተነዋል! ጆርዳን ዚመርማን በ2014 ምንም ሳይመታበት ሲጨርስ ካቸሩ ራሞስ ነበር። ማክስ ሸርዘር በ2015 ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሲያደርግም ካቸሩ እሱ ነው።

ራሞስ የሚኒሶታ ልጅ ነበር። ሜይ 2010 ዋናው ካቸር ጆ ማወር ተረከዙን ሲያመው ተጠርቶ መጣና በመጀመሪያው ጨዋታ 4 ጊዜ መታ። ግን ማወር እያለ ማን ቦታ ይሰጠዋል? ማወር በዚያው ዓመት ማርች ላይ ለ8 ዓመት የሚሄድ የ184 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። የሚኒሶታ ክሎዘር ጆ ኔታን ደግሞ በክርን ቀዶ ሕክምና ዓመቱን ሙሉ ወጥቷል። ስለዚህ ጁላይ 29 ራሞስንና አንድ ሌላ ፒቸር ለዋሽንግተን ሰጥተው ማት ካፕስን ወሰዱ።

ካፕስን ከሃንድ ጎን አቁሙት። እሱም የዚያ ዓመት ኦልስታር ነው። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በፊት ፒትስበርግ ውል አልሰጥህም ብሎ ለቆታል። የቀረው ጊዜም አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በ2010 16 ሴቭ አደረገላቸው፤ ሥራውን ሠራ። ሚኒሶታ ግን በያንኪስ 3 ለ 0 ተባረረ። በ2011 ካፕስ ወረደ።

ያላሰቡት የመጣው ያኔ ነው። በ2011 ማወር ተጎዳና 82 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። የገባለት ድሩ ቡቴራ የመምታት አማካዩ .167 ሆነ፤ ከስድስት ሙከራ አንዱን ብቻ መታ ማለት ነው። ቡድኑ 99 ጊዜ ተሸነፈ። ማወር በ2013 ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ካቸርነቱን ጭራሽ ትቶ ወደ መጀመሪያ ቤዝ ሄደ። ራሞስ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ነበር። በ2016 .307 መትቶ፣ 22 ሆምረን አስቆጥሮ ኦልስታር ሆነ።

«ካቸር አለኝ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል። ማወር የተሻለ ሊገኝ የማይችል ካቸር ነበር። ግን ካቸር ሁሉ አንድ ጉዳት ነው የሚቀረው።

ሲያትልና ቦስተን፣ 1997

ይህንን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ፤ ቤዝቦል የሚያውቅ ሁሉ ያነሳዋል። ሲያትል ጁላይ 31 ካቸሩን ጄሰን ቫሪቴክን፣ በዚያ ላይ ፒቸሩን ዴሪክ ሎውን ጨምሮ ለቦስተን ሰጠ። የተቀበለው ሪሊቨሩን ሂዝክሊፍ ስሎከምን ብቻ ነው። ስሎከም በዚያ ዓመት ቦስተን እያለ በ9 ኢኒንግ ከ5 ነጥብ በላይ ሲያስገባ የነበረ ሰው ነው። ሲያትል በፕሌይኦፍ በባልቲሞር 3 ለ 1 ተሸነፈ። ስሎከም ከ1998 በኋላ አልቆየም። ቫሪቴክ እስከ 2011 ቦስተን ተጫወተ፣ አምበል ሆነ፣ በ2004ና በ2007 ዋንጫ አነሳ። ሎው በ2004 ፕሌይኦፍ ሦስቱንም ዙር የዘጉትን ጨዋታዎች አሸነፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ሲያትልም ቢሆን ዳን ዊልሰን የሚባል ጥሩ ካቸር ነበረው። የቫሪቴክ ልዩነት ግን ከሜሂያ በተቃራኒ ነው። የቫሪቴክ ዋጋ ጓንቱና ጭንቅላቱ ላይ ነበር። ፒቸር መምራት፣ መቺ ማጥናት፣ ይህ ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ዱላ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል።

ፊላደልፊያና ሚኒሶታ፣ 2025

አሁን ደግሞ ሚኒሶታ ሻጭ ሆኖ መጣ። ጁላይ 30፣ 2025 ዮዋን ዱራንን ለፊላደልፊያ ሰጥቶ ኤድዋርዶ ታይት የሚባል የ18 ዓመት ፓናማዊ ካቸርና ሚክ ኤብል የሚባል ፒቸር ወሰደ። ዱራን በሰዓት ከ100 ማይል በላይ የሚወረውር ክሎዘር ነው። እስከ 2027 የፊላደልፊያ ነው፤ ማለትም ሦስት ኦክቶበር ተገዝቷል።

የመጀመሪያው ኦክቶበር አልቋል። ፊላደልፊያ በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ 3 ለ 1 ወጣ። በመጨረሻው ጨዋታ ዱራን ቤዞች ሞልተው ለሙኪ ቤትስ ዎክ ሰጥቶ፣ ማለትም ኳሱን እያበላሸ መቺውን በነጻ ቤዝ ሰጥቶ፣ አንድ ነጥብ ገባና ጨዋታው እኩል ሆነ። በ11ኛው ኢኒንግ ደግሞ ሌላው ሪሊቨር ኦሪዮን ከርከሪንግ ኳሱን ነጥብ ወደሚቆጠርበት ወደ ሆም ሲወረውር ሳተ። አንድ ኳስ ነው የዓመቱን ሥራ የወሰደው። ቢሆንም ይህ ልውውጥ በቅርጹ ክሊቭላንድን ይመስላል። ሪሊቨሩ ይቆያል። ልጁ ገና ከትልቁ ሊግ ዓመታት ይርቃል።

ታዲያ ገዢው ምን ይምረጥ?

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ልጁ አይደለም። ሪሊቨሩ ስንት ኦክቶበር አብሮኝ ይቆያል የሚለውን ነው። ሦስት ከሆነ እደራደራለሁ። አንድ ከሆነ ስልኩን እዘጋለሁ። ሃንድንና ስሎከምን የለየው ትልቁ ነገር ይህና ያለፈ ሥራቸው ነው። ሃንድ ከመሸጡ በፊት በተከታታይ ጥሩ ዓመቶች አሳይቷል። ስሎከም በዚያው ዓመት እየወደቀ ነበር። ሪሊቨርን በአንድ ጥሩ ግማሽ ዓመት መግዛት ያስከፍላል።

ቀጥሎ የልጁን ጓንት አያለሁ። ዝናው ከዱላው ብቻ ከሆነና ቡድኑ ራሱ ሌላ ቦታ እየሞከረው ከሆነ፣ ስሙ ሳይወርድ መሸጥ ተገቢ ነው። በካቸርነቱ የሚመሰገን ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ማወር ቢኖርም አልሰጠውም። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ2018 የሊጉ ዝቅተኛ ደሞዝ 545,000 ዶላር ነበር። ሃንድ በዚያው ዓመት 3.5 ሚሊዮን፣ በቀጣዩ 6.5 ሚሊዮን ይከፈለው ነበር። ሥራ የያዘ ወጣት ካቸር ወደ ስድስት ዓመት ገደማ በእጅ ይቆያል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በርካሽ ናቸው። እንደ ክሊቭላንድ በጀቱ ጠባብ ለሆነ ቡድን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሊቭላንድ በመጨረሻ ሃንድን የለቀቀው በገንዘብ ምክንያት መሆኑን አትርሱ።

ከዚያ ደግሞ የቀጠርኩት ነጥብ አለ። ሃንድ ከተለቀቁት መካከል በነጻ ተነሳ። ካፕስም ተለቅቆ ነው ዋሽንግተን ያገኘው። ሁለቱም ብዙ ሳይቆዩ ኦልስታር ሆኑ። ጥሩ ሪሊቨር ጨዋታ በሌለበት ወቅት ገበያ፣ ማንም ሳያየው፣ በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ጥሩ ካቸር ግን እንዲህ ሜዳ ላይ ወድቆ አይገኝም። ስለዚህ ጁላይ ላይ ካቸር የሚጠየቅበት ቡድን፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር ያቅርብ። ከታች ያለ አውትፊልደር፣ ወይም ሁለት ወጣት ፒቸሮች። ሻጩ «ካቸሩን ካልሆነ አልሸጥም» ካለ፣ ሁለተኛ ሪሊቨር ይጨምር ማለት አለባችሁ። ክሊቭላንድ ሲምበርን ያገኘው እንዲህ ባለ ድርድር ይመስለኛል፤ ለሜሂያ ሃንድ ብቻ ቢመጣ ኖሮ እኔ እሺ አልልም ነበር።