«ፉል ኢንሹራንስ» ብለው የሚያከራዩአችሁን መኪና ይዛችሁ ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት

ሜልበርን ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ መኪና ተከራይታችሁ ራቅ ያለ ገጠር ልትሄዱ ካሰባችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። እኔ ውሉን ሳላነብ ፈርሜ 1,140 ዶላር ከካርዴ ተቆርጧል።

አራት ጓደኛሞች ሆነን ሩቅ ገጠር ወዳለችው ብሮክን ሂል ከተማ ልንሄድ መኪና ተከራየን። ያስተናገደን ልጅ «በቀን 36 ዶላር ጨምሩ፣ ፉል ኢንሹራንስ ነው፤ ምንም ቢደርስ አትጠየቁም» አለን። አምነነው ጨመርን።

ከሜልበርን 540 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ሚልዱራ አደርን። ጠዋት ወደ ሙንጎ ብሔራዊ ፓርክ ታጠፍን። በ1968 እ.ኤ.አ. 40 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የሰው አጽም የተገኘበት ቦታ ነው። የሉሲ አገር ሰው እዚያ ደርሶ ሳያየው ማለፍ ይከብደዋል። ቀይ አፈሩና ጸጥታው ልብን ይሞላል። መንገዱ ግን አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይሆናል። ስንመለስ ከፊታችን የመጣ ትልቅ መኪና ጠጠር አስፈነጠረብንና የፊት መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ኢንሹራንስ አለን ብለን ብዙም አልደነገጥንም።

ሊመሽ ሲል ሙሬይና ዳርሊንግ ወንዞች የሚገናኙባት ዌንትወርዝ አካባቢ አንድ የገጠር ፐብ (ምግብም የሚሸጥ መጠጥ ቤት) ገባን። ጾም ስለነበር ቺፕስ አዘዝን። ባለቤቷ ግን ገና ሳንከፍል «ስጋ የማትበሉ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ቺፕሱና ዶሮው የሚጠበሱት በአንድ ዘይት ነው» አለችን። አትክልት በዳቦ አዘጋጀችልን። ለ14 ዶላር ምግብ ይህን ያህል እውነት የነገረችን ሴት አለች፤ መኪና አከራዩ ግን በመቶዎች ተቀብሎን ዋናውን ነገር ደበቀን። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ መስታወቱን አይተው «የኪራይ ነው? ኮረኮንች ገብታችሁበታል? በሉ ውሉን አሁኑኑ አንብቡት» አሉን። ስልካችን ላይ ከፍተን አነበብን። አስፋልት ያልሆነ መንገድ ከተገባ ሽፋኑ ይቀራል። መስታወት፣ ጎማ፣ ጣሪያና የመኪናው የታችኛው ክፍል በሽፋኑ ውስጥ የሉም። ከከተማ ውጭ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንስሳ ብትገጩም ዕዳው የራሳችሁ ነው። ካንጋሮ ደግሞ በብዛት መንገድ ላይ የሚወጣው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። እኛ በዚያች ማታ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ልንነዳ ነበር! ትተን እዚያው ፐቡ የሚያከራያቸው ክፍሎች ውስጥ አደርን።

መኪናውን ከመለስን ከ9 ቀን በኋላ ገንዘቡ ተቆረጠ። ስንደውል «ፈርማችኋል» አሉን። ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው የአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ በቃል ጭምር ማሳሳትን ይከለክላል። ግን ልጁ ያለንን በምን እናስረዳ? አቤቱታችንን ለቪክቶሪያ ግዛት የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ኮንሱመር አፌርስ ቪክቶሪያ) አስገብተናል።

መኪና አስቀድማችሁ የያዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፉላቸው። ኮረኮንች መንገድ ይሸፈናል? መስታወትና ጎማስ? ማታ እንስሳ ብገጭስ? ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በስልክ ቢመልሱላችሁ አትቀበሉ፣ በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ቁልፍ ስትረከቡም ስትመልሱም መኪናውን ዙሪያውን ቪዲዮ ቅረጹት። መስታወቱን ጠጋ ብላችሁ አንሱት፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ብትኖር ወረቀቱ ላይ ሳያሰፍሯት ከግቢው እንዳትወጡ።