የልጆች ክፍል ዕቃ ሲሞላ፦ ባለሙያ እንቅጠር፣ ዘመድ እንጥራ ወይስ ራሳችን እንሥራው?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ወላጆች የልጆቻችንን ክፍል ስንከፍት የሚጠብቀን ያው ነው። ወለሉ ላይ ሌጎ፣ አልጋ ሥር የልደት ስጦታ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያጠረ ሱሪ። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አይጠፋም፤ "ለአገር ቤት" ተብሎ የታሰረ ትልቅ ሻንጣ፣ ማን መቼ ይዞት እንደሚሄድ የማይታወቅ።

እዚህ አገር ይህን የሚያስተካክል ሰው መቅጠር ይቻላል። ግን ገንዘቡ ይወጣበት ወይ? ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። ጊዜና ጉልበት ከጎደላችሁ ይገዛል። የጎደላችሁ "ይሄ ይውጣ" ብሎ መቁረጥ ከሆነ ግን ማንም በልጃችሁ ዕቃ ላይ አይቆርጥላችሁም። ባለሙያም ብትመጣ የመጨረሻው ቃል የእናንተና የልጁ ነው።

ባለሙያ አደራጅ

እዚህ ኦርጋናይዘር የሚሏት ናት። ከጽዳት ሠራተኛ ጋር የሚያምታታት ሰው ብዙ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ወለል ትጠርጋለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ መጫወቻውን ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ትከታለች። የቱ ይቅር፣ የቱ ይሂድ አትልም፤ ሥራዋም አይደለም። ኦርጋናይዘር ግን ሁሉንም ታወጣለች፣ በየዓይነቱ ትከምራለች፣ እያነሳች ትጠይቃለች፣ ለሚቀረው ቦታ ሰጥታ ስም ትለጥፍበታለች።

ክፍያው በሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 150 ዶላር ይደርሳል፤ እንደኛ ኑሮ ውድ በሆነበት አካባቢ ወደ ላይኛው ይጠጋል። ብዙዎቹ ቢያንስ 3 ወይም 4 ሰዓት ካልሆነ አይመጡም። በሰዓት 100 ዶላር የምታስከፍል ባለሙያ የአንድ ልጅ ክፍል 6 ሰዓት ቢፈጅባት 600 ዶላር ነው። ከረዳት ጋር የምትመጣ ከሆነ የረዳቷ ሒሳብ እንዴት እንደሚታሰብ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሳጥንና መደርደሪያ ለብቻው ነው።

ሳጥኑ ላይ ንቁ። ቆንጆ ሳጥን ስለተገዛ ክፍሉ አይራገፍም። መጀመሪያ ዕቃው ይቀነስ፣ ቀጥሎ ቦታው ይለካ፣ ሳጥን የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ክፍሉን ሳታይ ዕቃ እናዝዝ የምትላችሁ ካለች ሌላ ፈልጉ።

ለዚህ ሥራ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ኦርጋናይዘር ነኝ ማለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው ናፖ (NAPO) የተሰኘው የአደራጆች የሙያ ማኅበር ድረ ገጹ ላይ አባላቱን በየአካባቢው መፈለጊያ አለው። ከዚያ መጀመር ይሻላል። የልጆች ክፍል የሠራች መሆኗን፣ መድን እንዳላትም ጠይቁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ምን ይገዛል? እኔ ትልቁ ጥቅሟ ባዳ መሆኗ ይመስለኛል። እናት አሻንጉሊቱን ስታነሳ "ይሄን እኮ አክስትሽ ናት የላከችው" ትላለች፤ ዕቃው ተመልሶ ይገባል። ባዳዋ አክስትየውን አታውቃትም። ልጁም ለእናቱ የማይለቀውን ለማያውቃት ሴት ይለቃል፤ ለምን እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው። አንድ አደራ ግን አለ። ከመምጣቷ በፊት ቤቱን አታጽዱ። ይሉኝታ ይዟችሁ ሌሊቱን ስታስተካክሉ ካደራችሁ የተዝረከረከበትን ምክንያት አታየውም፣ ገንዘባችሁም ባከነ።

ዘመድ፣ ጓደኛ፣ አያት

ነፃ ይመስላል፤ ግን ውለታ ነው፣ ይመለሳል። ደግሞ ገበና አለ። ለባዳ የማያሳፍር ቁም ሳጥን ለጓደኛ ያሳፍራል።

አያት ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ ለማጠፍና ለመደርደር የሚያህላቸው የለም። ለማስወገድ ግን አይሆኑም። የተሰበረው መኪና "ይቀመጥ፣ ይጠቅማል" ተብሎ ሌላ መሳቢያ ይሞላል። አይፈረድባቸውም፤ ዕቃ በብርቅ የሚገኝበትን ዘመን ያዩ ናቸው። ይህን ሥራ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ወይም ለቅሶ በሄዱበት ቀን ብትሠሩት ለሁላችሁም ሰላም ነው።

እኔ ብዙ ቤተሰብ ላይ የምመርጠው ሌላ ነው፤ ኮሌጅ የገባች የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ። በሰዓት 20 ዶላርና ምሳ። ጉልበት አላት፣ ልጆቹ ይወዷታል፣ ስለ አሻንጉሊቱ ታሪክም ግድ የላትም። የሚቀረውንና የሚወጣውን እናንተ የምትወስኑ ከሆነ፣ ከባለሙያዋ ሥራ አብዛኛውን በትንሽ ዋጋ ታገኛላችሁ። የማታገኙት ልምዷን ነው። ሁለት ልጅ በሚጋራው ጠባብ ክፍል ውስጥ ምን የት እንደሚገባ ማወቅ ቀላል አይደለም።

ራሳችን ስንሠራው

ዋጋው ቅዳሜያችሁ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ክፍሉን ሙሉ በአንድ ቀን እንጨርሳለን ስንል ነው። አንድ ዓይነት ብቻ ያዙ፤ ዛሬ ጫማ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጻሕፍት። መጫወቻ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ልቅሶ ያለው እዚያ ነው።

መጫወቻ መቀነስ ልጁን መበደል የሚመስለው ወላጅ ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 36 ሕፃናትን አንዴ በ4፣ አንዴ በ16 መጫወቻ አጫውቶ ተመለከተ። ሕፃናቱ 4 ብቻ ሲቀርብላቸው በአንዱ መጫወቻ ረዘም ላለ ጊዜና በብዙ ዓይነት መንገድ ተጫወቱ። ስለዚህ ሁሉንም መስጠት የግድ አይደለም። ግማሹን በሳጥን አድርጋችሁ ቤዝመንት አውርዱት፣ ከወር በኋላ ለውጡት። ልጁ አዲስ የተገዛለት ያህል ይደሰታል፤ ያላስታወሰው ደግሞ ለሰው ይሰጥ።

ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ በድብቅ መጣሉ ያጓጓል። አታድርጉት። አንዴ ከነቃባችሁ ሌላ ቀን የተቀደደ ወረቀት እንኳ አይለቅላችሁም።

የሚወጣው ዕቃ የት ይሄዳል?

ማንንም ብትቀጥሩ ነገሩ የሚንከባለለው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋን "የሚሰጠውን ዕቃ ያን ቀን ይዘሽ ትሄጃለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። አልወስድም ካለች ከረጢቱ ኮሪደር ላይ ይከርማል፣ ቀስ እያለም ይፈታል።

አልጋና ፍራሽ ከሆነ ጫኝ ድርጅት መጥራት ትችላላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያስከፍሉት ዕቃው ከመኪናቸው በያዘው ቦታ ልክ ነው። ከዚያ በፊት ግን ካውንቲያችሁን ጠይቁ፤ አንዳንዱ በቀጠሮ በነፃ ያነሳል።

ሁሉም ዕቃ አይሰጥም። ጎኑ ወደ ታች የሚወርደው የድሮው የሕፃን አልጋ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2011 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ተከልክሏል፣ ለሌላ ሰው መስጠትም አይገባም። የመኪና ወንበር ጊዜው የሚያልፍበት ቀን አለው፤ ላዩ ላይ ይፈለግ። ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥን ቦታ ካስለወጣችሁም ግድግዳው ላይ መልሳችሁ እሰሩት። ቁም ሳጥን እንዳይገለበጥ ሆኖ እንዲሠራ የሚያስገድደው ደንብ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ የተመረተውን ነው፤ ቤታችሁ ያለው ከዚያ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል።

የአገር ቤቱ ሻንጣስ? በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ በኢኮኖሚ የሚሄድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚይዘው፤ እሱም የራሱ ዕቃ አለው። የሚሄደው ሰውና ቀኑ ከታወቀ ሻንጣው ይቀመጥ። ካልታወቀ እዚሁ ለሚፈልግ ይሰጥ። የሞተ ጫማ ደግሞ ለማንም አይላክም፤ ነውር ነው።

ለማን የቱ?

ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ ባለሙያ አትቅጠሩ። በጥቂት ወራት ልብሱም መጫወቻውም ይቀየራል፣ የተከፈለበት አደረጃጀት አብሮ ይፈርሳል። ሁለት ልጆች አንድ ክፍል የሚጋሩ ከሆነ፣ ወይም እናትም አባትም ሁለት ሁለት ሥራ ይዛችሁ ቅዳሜ የሚባል ነገር ከሌላችሁ፣ ባለሙያዋን ለ4 ሰዓት ብቻ ጥሩ። ቁም ሳጥኑንና መጫወቻውን ታስይዛችሁ፣ የቀረውን ከዘመድ ልጅ ጋር ጨርሱት። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር) ላለበት ልጅ ሙሉውን ብትከፍሉም አያስቆጭም፤ ግን እንዲህ ካሉ ልጆች ጋር የሠራች ትሁን።

የ13 እና የ14 ዓመት ልጅ ክፍል ላይ እሱ ሳይስማማ ማንንም አታስገቡ። ስልክ ስትደውሉ "እናንተ ስትሠሩ ልጁ የት ይሁን?" ብላችሁ ጠይቁ። ለትንሽ ልጅ "ጎረቤት ይዋል" ቢሉ ልክ ነው። ለዚህ ዕድሜ ልጅም መልሳቸው ያው ከሆነ ቀጠሮ አትያዙ።