ስታዲየም አካባቢ ያሰራነው «ሙሉ የካንሰር ምርመራ»

ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ የግል ላብራቶሪ «ሙሉ የካንሰር ምርመራ» የሚል ፓኬጅ አለው። ታላቅ እህቴ አሰርታ ነበር፣ እኔም አብሬያት ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ። መስተንግዶው እንከን አይወጣለትም። ወረፋው ቶሎ ይሄዳል፣ ደም የምትቀዳዋ ልጅ መርፌው ሳይሰማ ነው የምትጨርሰው፣ ውጤቱም በማግስቱ በቴሌግራም መጣ።

የከፋኝ ማስታወቂያው ነው። ግድግዳው ላይ «ካንሰር ላይ ብቻ የሚገኙ ምልክቶች» ይላል። ውሸት ነው! ፓኬጁ ውስጥ ያሉትን ሲኢኤ፣ ሲኤ-125 እና ኤኤፍፒ የሚባሉትን በደም የሚለኩ ፕሮቲኖች ጤነኛ ሰውነትም ያመነጫቸዋል። ሲኢኤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ ከፍ ይላል። ኤኤፍፒ በእርግዝና፣ ሲኤ-125 ደግሞ በወር አበባ ጊዜ እንኳን ይጨምራል። የእህቴ የሲኤ-125 መጠን 41 ሆኖ መጣ፣ ከ35 በታች መሆን ነበረበት ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳን ሐኪም ግን አንድም የለም። እቤት ለቅሶ ሆነ። በኋላ የማህፀን ሐኪም ጋ ሄደን በአልትራሳውንድ ስትታይ ማዮማ (የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚወጣ ዕጢ) ነው፣ ካንሰር አይደለም።

ሐኪሟ እንዳስረዳችን የእነዚህ ምርመራዎች ዋና ሥራ ካንሰር እንዳለበት የታወቀን ሰው መከታተል ነው፦ ሕክምናው እየሠራ ነው ወይ፣ በሽታው ተመልሶ መጥቷል ወይ የሚለውን ለማየት። ሲኢኤ እንኳን በ1965 እ.ኤ.አ. ሲገኝ የአንጀት ካንሰርን ቀድሞ ያሳውቃል ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፣ ግን የአንጀት ካንሰር የሌለባቸው ሰዎች ላይም እየተገኘ ተስፋው ቀነሰ።

በእርግጥ ካንሰር ላይ ብቻ የሚገኙ አንቲጂኖች (የሰውነት መከላከያ ለይቶ የሚያያቸው ምልክቶች) አሉ። የዕጢው ዘረመል ሲቀየር የሚፈጠሩት ኒዮአንቲጂን ይባላሉ፣ ጤነኛ ሴል ላይ ስለሌሉ የሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ ሊያያቸው ይችላል። ተመራማሪዎችን ያጓጓቸውም ይሄ ነው። ግን አብዛኞቹ ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ የእያንዳንዱን ታማሚ ዕጢ ዘረመል አንብቦ ለእሱ ብቻ የሚሆን የኤምአርኤንኤ ክትባት (ሰውነት ራሱ ምልክቱን እንዲሠራ መመሪያ የሚሰጥ ክትባት) መሥራት ገና በሙከራ ላይ ነው። በፓኬጅ የሚሸጥ ነገር አይደለም።

ሐኪም አዝዞላችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ሥራቸው ፈጣን ነው። ምንም ሳያማችሁ «እስቲ ልወቀው» ብላችሁ ከሆነ ግን ብራችሁን ያዙ። እህቶች፣ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በብዙ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ስላለ እሱን አድርጉ፣ እሱ በእውነት ሕይወት ያድናል። የላብራቶሪው ባለቤቶች ይሄን ካያችሁት ደግሞ ማስታወቂያውን አስተካክሉና ቀይ ውጤት ከመላካችሁ በፊት የሚያስረዳ ሐኪም ቅጠሩ።