ከድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ሐዋሳ በጎረቤት እጅ ወይስ አዲስ አበባ ልጅ ቤት?

ሐዋሳ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ ልጆቹ አዲስ አበባ ሊወስዱት ይቸኩላሉ። እዚያ ሌሊት ሰው አለ፤ ቀን ግን ሁሉም ሥራ ስለሚሄድ ታማሚው ተኝቶ ይውላል። ብዙ መተኛት እግር ውስጥ ደም ያረጋል። ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድም አድካሚ ነው፤ በየሰዓቱ ወርዶ መራመድ ያስፈልጋል።

የሰፈሩ ጡረተኞች ተራ ከያዙ ሐዋሳን እንመርጣለን። አንዱ ጠዋትና ማታ ያራምደዋል፣ ሌላዋ ሐኪሙ የፈቀደውን አጥሚትና ሾርባ ታመጣለች። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካንም እነሱ ያንሱለት፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ያህል ሸክም ማንሳት የውስጡን ስፌት ሊያላላ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙም ቅርብ ነው። የሚያስቸግረው የጠያቂ ብዛት ነው፦ እጅ ታጥበው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ። አብሮት የሚያድር ካልተገኘ ግን ልጅ ቤት ይሻላል።

የትም ይሁን፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።