ከማብራሪያ ወረቀቱ የሚበልጥ የካርቶን ሣጥን፦ የእጅ ስፔክትሮስኮፕ ግምገማ

ሞገድ ምን እንደሆነ ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ገመድ ወይም ጥምዝ ሽቦ ይበቃል፤ አንዱን ጫፍ ሲወዘውዙት ሞገዱ ወደ ሌላው ጫፍ ሲጓዝ በዓይን ይታያል። ብርሃንም ሞገድ ነው ሲባል ግን ተማሪው የሚያየው የሚወዛወዝ ነገር ስለሌለ፣ የተነገረውን አምኖ ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም። ለሦስት ሳምንታት የሞከርኩት፣ ተጣጥፎ የሚገጣጠም የካርቶን ስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን ወደ ቀለማቱ ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ) ይህን ችግር በሚገባ ያቃልላል፤ የብርሃንን የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ከአንዱ የሞገድ አናት እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት፣ በናኖሜትር (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ለማንበብ ያስችላልና። አብሮት የሚመጣው ማብራሪያ ወረቀት ግን ለመሣሪያው የሚመጥን ሆኖ አላገኘሁትም።

በሣጥኑ አንድ ጎን ብርሃን የሚገባበት ስንጥቅና ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በቁጥር የተከፋፈለ መለኪያ፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳ አለ። ዋናውን ሥራ የምትሠራው በቀዳዳው ላይ የተለጠፈችው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ናት። በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 500 ጭረቶች ስላሉባት፣ ከአንዱ ጭረት እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 2000 ናኖሜትር ብቻ ነው። በጭረቶቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ከአንዱ ክፍተት የመጣው ሞገድ ከጎረቤቱ በአንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት የበለጠ መንገድ በሚጓዝበት አቅጣጫ ላይ አናት ከአናት ጋር ስለሚገጥም ብርሃኑ ይጎለብታል፣ ከዚያ አቅጣጫ ወጣ ሲል ግን ሞገዶቹ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። በዚህ ስሌት 400 ናኖሜትር የሆነው ሐምራዊ ብርሃን ወደ 11.5 ዲግሪ፣ 700 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ደግሞ ወደ 20.5 ዲግሪ ይታጠፋል። በመለኪያው ላይ ቁጥር መጻፍ የተቻለውም እያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት የራሱ ቦታ ስላለው ነው።

ማብራሪያ ወረቀቱ ይህን ሁሉ ትቶ የፕሪዝም ሥዕል አትሟል። በፕሪዝም ውስጥ ይበልጥ የሚታጠፈው ሐምራዊው ነው፤ መስተዋቱ ከቀዩ ይልቅ እርሱን ስለሚያዘገየው። በጭረቶቹ በኩል ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ይበልጥ የሚታጠፈው ቀዩ ነው። ሥዕሉን አጥንቶ ወደ ሣጥኑ የሚመለከት ጀማሪ ቀለማቱን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ስለሚያገኛቸው፣ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ይህ ለመማሪያ በተዘጋጀ ዕቃ ላይ በቀላሉ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም።

መጀመሪያ የተመለከትኩት ፍሎረሰንት መብራት ነበር። ለዓይን ነጭ የሚመስለው ብርሃን በሣጥኑ ውስጥ ወደ ተለያዩ መስመሮች ተከፋፈለ፤ ከሁሉም ደምቆ የታየው በመብራቱ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት የሚፈጥረው አረንጓዴ መስመር ሲሆን፣ ትክክለኛ ቦታው 546 ናኖሜትር ሆኖ ሳለ መለኪያው 555 አነበበ። የመለኪያውን ወረቀት ነቅዬ አረንጓዴው በ546 ላይ እስኪያርፍ ድረስ አሸጋሸግኩት፤ ከዚያ በኋላ ሰማያዊው የሜርኩሪ መስመርም በሚገባው ቦታ፣ 436 አካባቢ ተገኘ። ነጭ ኤልኢዲ መብራት ደግሞ ሌላ መልክ አለው፦ በ450 አካባቢ ኃይለኛ ሰማያዊ፣ በ480 አካባቢ ደብዘዝ ያለ ቦታ፣ ቀጥሎም ከአረንጓዴ እስከ ቀይ የተዘረጋ ሰፊ ብርሃን። ክሩ የሚግለው አምፖል ምንም ሳይቆራረጥ ሁሉንም ቀለም ያሳያል። ዓይን ሦስቱንም ነጭ ብሎ የሚያልፋቸው መሆኑ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ስንጥቁ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ስላለው መስመሮቹ ይወፍራሉ። በሁለት ምላጭ ሳጠበው ግን ፀሐይ ካረፈበት ነጭ ወረቀት በመጣው ብርሃን ውስጥ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ብቅ አሉ፤ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 መመዝገብ የጀመራቸው መስመሮች ናቸው። የፀሐይ ጋዞች ብርሃኑን የሚውጡባቸው ቦታዎች ናቸው፦ በ486 አካባቢ ያለው የሃይድሮጅን፣ በ589 አካባቢ ያለው የሶዲየም ነው። የሶዲየሙ በእርግጥ ሁለት ነው፣ 589.0 እና 589.6፤ ይህ ሣጥን ሁለቱን መለየት አይችልም፣ ከካርቶንም ይህን መጠበቅ አይገባም። መሣሪያውን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይንን ስለሚጎዳ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ ማስጠንቀቂያ በሣጥኑ ላይ በትልልቅ ፊደላት መታተም ነበረበት።

ወረቀቱ ከ400 እስከ 700 ያለውን ስብጥር ቀለም «የኤሌክትሮማግኔቲክ ስፔክትረም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ስም ግን ከሬዲዮ ሞገድ እስከ ኤክስሬይ ያሉትን ሞገዶች ሁሉ ያጠቃልላል፤ ወረቀቱ ያሳየው ዓይናችን የሚያየውን ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 ቴርሞሜትሩን ከቀዩ ብርሃን ማዶ አስቀምጦ ሙቀት አገኘ፤ የፊዚክስ ሊቁ ሪተር እ.ኤ.አ. በ1801 ከሐምራዊው ማዶ ሲልቨር ክሎራይድ (ብርሃን ሲያርፍበት የሚጠቁር የብር ውሕድ) ሲጠቁር ተመለከተ። የኸርሸልን የሚመስል ሙከራ በዚህ ሣጥን መሥራት ይቻላል፦ የቴሌቪዥን ሪሞት ስንጥቁ ላይ አስጠግቼ ስጫን በዓይኔ ምንም አልታየኝም፣ በዓይኔ ቦታ የስልኬን ካሜራ ሳደርግ ግን ከ700 አልፎ ባዶ ካርቶን ላይ ደብዛዛ ነጥብ በራ። ከዚያ ነጥብ በላይ ርዝመቱ ሲጨምር 12 ሴንቲሜትር ያህል የሆነው የማይክሮዌቭ ምድጃ ሞገድ፣ ከዚያም በ100 ሜጋኸርዝ 3 ሜትር የሆነው የኤፍኤም ሬዲዮ ሞገድ ይመጣል። ሁሉም በባዶ ጠፈር በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛሉ፤ የሞገድ ርዝመት በድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ በሚወዛወዝበት ብዛት) ሲባዛ ይህንኑ ፍጥነት ይሰጣል። ስለዚህ 546 ናኖሜትር ያነበበ ተማሪ፣ ያ አረንጓዴ ብርሃን በሰከንድ 549 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል እንደሚወዛወዝ ራሱ አስልቶ መድረስ ይችላል። ድግግሞሽ የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠቀሱ ትልቁ ጉድለቱ ነው።

ያም ሆኖ መሣሪያውን ለመምህራንም ሆነ ለራሳቸው ለሚማሩ ሰዎች ያለማመንታት እመክራለሁ። ገዢው የሣጥኑን መጋጠሚያዎች በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናቸው፣ ብርሃን ያስገባሉና። ጭረት ያለባትን ፕላስቲክም በጣት አይንካት፤ የጣት ቅባት ካረፈባት መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፣ መለዋወጫዋም ከዕቃው ጋር አይመጣም።